የእንግሊዝኛዋ ላም

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የደርግ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሩዝ ከማኅበሩ ማሳ እየወጣ ወደየገበሬው ማሳ መግባት የጀመረበት ሰሞን መሆኑንም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በላም ነው የምቆጥረው። ዳልቻዋ ላማችን የመጨረሻ ጥጃዋን ታጠባ ነበር፤ ኋላ የርብ ወንዝ ሞልቶ የወሰዳትን ጥጃ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ግን "የለም፣ ከዚያ በፊት ነው፤ ዳልቻዋ ገና ጊደር ነበረች" ትለኛለች። ተከራክረን አልተስማማንም። ላሟም የለች፣ የምትመሰክር።

ነገሩን ያነሣብኝ የሻይ ቤት ወሬ ነው። በቀደም ወረታ ተቀምጬ ሁለት ጎልማሶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ "ልጅ የአፍ መፍቻው ሳይጠና የባዕድ ቋንቋ መጀመር የለበትም" ይላል። ሌላው "በልጅነቱ ካልጀመረ መቼ ሊጀምር ነው? ሲሸብት?" ይላል። ሁለቱም የተማሩ ናቸው፤ እኔ ብዙ አልተማርሁምና ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ ይዤ የሰው ደጅ ዞሬያለሁና።

የእኔ ትምህርት እንዲህ ነው። በልጅነቴ ከደብራችን የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጠርሁ፣ ንባብ ያዝሁ፣ ዳዊት ላይ ስደርስ አባቴ ታመመና ሞፈር ጨበጥሁ። ብዙ ዘመን ቆይቶ መሠረተ ትምህርት መጣ። ከጎረቤቶቼ ጋር ዋርካ ሥር ተቀምጬ የረሳሁትን መልሼ አገኘሁት፤ መጻፍም የቻልሁ ያኔ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ልጃችን ለትምህርት ስትደርስ ወረታ አስገባኋት። "ሴት ልጅ በዚያ ሁሉ ጭቃ?" ያለኝ ብዙ ነው። እውነትም ክረምት ሲሆን ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ መንገዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የለመደ እግር ብቻ ነው። ልጅቱ ግን ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ራሷ ላይ ታስርና ትሄዳለች።

ጥቂት እንደቆየች፣ ገና ሕፃን ሳለች ማለት ይቻላል፣ እንግሊዝኛ የሚባለው ትምህርት ተጀመረላት። ከእሷ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ከብቶቹን ውሃ ስንወስድ፣

"ዛሬስ ምን አሏችሁ?" እላታለሁ።

"ስታንድ አፕ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ተነሡ።"

ከዚያ ተኝታ የምታመሰኳውን ዳልቻ ላም "ስታንድ አፕ!" ብላ ትጮኽባታለች። ላሟ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም።

"አየህ አባዬ፣ አልገባትም።"

"ገብቷታል፤ ንቃን ነው" እላታለሁ።

እንዲህ እየሆንን ብዙ ቃል ለቀምን። ውሃው ሌላ ስም አለው፣ ፀሐይቱ ሌላ ስም አላት። አንድ ነገር ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል ድሮም አውቅ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ግን አስቤው አላውቅም። ሞፈር ይዤ ስሄድ "ይሄን ሞፈር የእንግሊዝ ሰው ምን ይለው ይሆን?" እያልሁ እደነቅ ነበር።

አንድ ቀን ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ከጓዳ ወረወረችው። ከብቶቹ ጋርም አልወጣች። በማግሥቱ ጠዋት ተነሽ ብንላት "አልሄድም" አለች። ምን እንደሆነች ከአፏ በቁርጥራጭ ነው ያወጣነው።

"መምህራችን ሥዕል ሰቀሉ። ሥዕሉ ላይ ነጭ ግልገል አለች፣ የበግ። በዘንግ እየነኩ 'ዚስ ኢዝ ኤ ላም' አሉ። ልጆቹም 'ዚስ ኢዝ ኤ ላም' አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ።"

"አውጥተሽስ?"

"'መምህር፣ ተሳስተዋል፤ ይች ላም አይደለችም፣ የበግ ግልገል ናት' አልኋቸው።"

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን አየሁና ዋጥሁት። ደግሞስ ምን ታድርግ? የፎገራ ልጅ ናት፤ ከላም ጭራ ሥር ነው ያደገች። በግን ላም ብለው ሲጠሩባት ዝም ትበል? እኔም ብሆን እጄን አወጣ ነበር።

መምህሩ "ይሄ እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ላም ማለት የበግ ግልገል ማለት ነው" ብሎ አስረድቷል። የከተማ ልጆቹ ግን አለቀቋትም። አንዱ "የባላገር ልጅ መምህር ልታርም!" ይላል። ሌላው "እምቧ!" ይላል። ከዚያ ወዲያ ስትገባ እምቧ፣ ስትወጣ እምቧ፣ ውሃ ልትጠጣ ስትጎነበስ እምቧ። "ላሟ መጣች፣ ገለባ ስጧት!"

"ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል" አልኋት።

"ሁለት ላም አልፈልግም" አለችኝ። "አንድ ላም አለችን፤ ትበቃኛለች።"

ሩዙ እሸት ይዞ ወፍ የሚወርድበት ወቅት ነበር። ባለቤቴ "እንግዲያው እስኪያልፍላት ወፍ ትጠብቅ" አለች። ልጅቱም ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ወጣች። ለጊዜው ነው ብለን ነው። አንድ ሳምንት እንደዋዛ አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። በማሳው ዳር ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ቁጭ ብላ ሩቁን ታያለች። ወፉ ከሥሯ ሩዙን ይለቅማል።

ጭንቄ ይህ ነበር። ወንድ ብትሆን የኔታ ደጅ ነበረላት። ሴት ናትና ከትምህርት ቤት በር ከወጣች ቀጥሎ ያለው በር የባል ነው። አንድ ሰውዬ ለልጁ ሊያጫት ሽማግሌ እያፈላለገ እንደሆነም ሰምቼ ነበር። እናቴ ስሟን ሳትጽፍ ነው ያለፈችው፤ ልጄ እንደዚያ እንዳትሆን ፈለግሁ። ከማማው አንሥቼ በግድ እንዳልወስዳት ደግሞ አንድ ነገር ያዘኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንስ? ለሕፃን የባዕድ ቋንቋ መስጠት ለጥጃ ቀንበር እንደ መጫን ቢሆንስ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸውን ሳምሁ።

"የኔታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።"

"ዳዊቱን ልትጨርስ መጣህ?" አሉኝ። ባገኙኝ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሉኝ።

"ጊዜው አለፈ፣ የኔታ።"

"ያለፍኸው አንተ ነህ። ዳዊቱ እዚያው አለ።"

ነገሬን ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኋቸው። ላሟ ጋ ስደርስ "እንዴ!" አሉ። "ላም በግ ከሆነች በግ ምን ልትሆን ነው?" ጥቂት አሰቡና፣ "ልጅ ያለው አንድ ምላስ ነው። አንዱ ሳይጠና ሌላው ሲገባበት የምንጭ ውሃ ላይ ጎርፍ እንደ መግባት ነው፤ ሁለቱም አይጠጣም" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝና የኔታ፣ እኔስ በዚያ ዕድሜ ከእርስዎ ደጅ ግእዝ ሳነብ አልነበር?"

መቋሚያቸውን ቀና አደረጉ። "ግእዝ ባዕድ ነው? ግእዝ የአባትህ ነው!"

"የአባቴስ ነው። ግን አባቴም አይገባው ነበር።"

ፊታቸውን አዞሩ። የተቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለካስ እየሳቁ ነው። "ይች አፍህ ለዳዊቱ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ቅኔ ትዘርፍ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ልክ ነህ። እኛ ንባቡን በልጅነት እንሰጣለን፤ ትርጓሜው ሲያድግ ይደርስበታል። አልገባውም ብለን ልጅን ከንባብ አንከለክልም" አሉ። ልነሣ ስል ደግሞ ክንዴን ያዙ። "ግን እኔ ዘንድ ሁሉም ይሳሳታል። ተሳሳትህ ብሎ የሚስቅ ልጅ ነገ ተራው ይደርሰዋል። የትምህርት ቤቱን ግን አላውቀውም። መምህሩን ጠይቀው።"

በገበያ ቀን ወረታ ወረድሁ። መምህሩ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ጣቱ ሁሉ ጠመኔ። የማን አባት እንደሆንሁ ስነግረው ፊቱ ደነገጠ።

"ጋሼ፣ በዚያን ዕለት እጇን ያወጣች እሷ ብቻ ናት" አለኝ። "ሌሎቹ ግልገሏን እያዩ ላም ሲሏት ምንም አልመሰላቸውም።"

ቃሏን እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ባዶ ክፍል አስገብቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አልለይም፤ ግን ቆጠራ እችላለሁ።

"'ላም' ለማለት ይህ ሁሉ? ይች የመጨረሻዋ ምንድን ናት?"

"ቢ ናት።"

"ታዲያ 'ላምብ' አይልም?"

"አይልም። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም።"

"ካልተነበበች ምን ትሠራለች?"

መምህሩ ራሱን አከከ። "እኔም ስማር ጠይቄ ነበር፤ 'እንዲሁ ነው' ተባልሁ።"

ቆሜ አየኋት። በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይጮኻል፤ ተቀምጦ ዝም የሚል የለም። ይች ግን ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ሽምግልና ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ጠዋት መጥቶ ማታ ሲበተን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ቢቀር ግን "የት ሄደ?" ይባላል። ከዚያ ማማ ላይ ያለችው ልጄ ትዝ አለችኝ። መዝገቡ ላይ ተጽፋለች፤ አትነበብም።

"እስቲ ንገረኝ መምህር" አልሁት፣ ሳላስበው አንተ ብዬ። "በዚህ ዕድሜ መጀመሩ ይሻላል ወይስ ትንሽ ሲጎለምሱ?"

"እውነቱን ልንገርዎ? አላውቅም። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርሁት፤ ምላሴ አልታጠፍ ብሎ አሠቃይቶኛል። የእንግሊዝ ሰው ሲናገር የሰማሁትም በራዲዮ ነው። እነዚህ ግን ያልኋቸውን እንዳለ ይቀበሉኛል። ስሕተቴንም ጭምር ነው የሚይዙት፤ አንዳንዴ እሱ ያስፈራኛል።"

"እምቧውስ?"

"ክፍል ውስጥ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። ደጅ ግን አልደርስባቸውም ጋሼ።"

ሰውዬውን ወደድሁት። አላውቅም የሚል መምህር ያኔ ብዙ አልነበረም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የያዝሁት ያው ጥያቄዬን ነው።

አማቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ከሐሙሲት ወዲህ ካለው መንደራቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ አማቱ ፊት አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው የሚኖር፤ ብዙ አያወራም። እኔም ሰላምታዬን ሰጥቼ ወደ ሩዙ ሄድሁ፤ ከማማው ሥር ያለችውን ቦይ እጠርግ ነበር። ጥቂት ቆይተው እሳቸውና ባለቤቴ ምሳ ይዘው መጡ። ባለቤቴ ነገሩን መንገድ ላይ ነግራቸው ኖሯል።

"ውረጂ" አሏት ልጅቱን።

"ወፉስ፣ እማማ?"

"ወፍም ትንሽ ይቅመስ።"

ወረደች። አጠገባቸው አስቀመጧት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መቆፈሬን ቀጠልሁ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነው።

"ምን ብለው ነው የሚሰድቡሽ?"

"እምቧ።"

"ይችማ ምን አላት! እኔን ምን ይሉኝ እንደነበር ብታውቂ።"

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። አማቴ የአገው ምድር ልጅ ናቸው። አባታቸው የፈረስ ነጋዴ ነበሩ፤ ፈረስ እየነዱ ሲመላለሱ የዚህን ሜዳ ሣር ወደዱትና ቤተሰባቸውን አምጥተው ቀሩ። አማቴ ያኔ ልጄን ያህላሉ፤ አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ይህን ሁላችን ሰምተናል፤ አማርኛቸው ከእኛ የጠራ ስለሆነ ግን ረስተነዋል።

"እዚህ እንደገባን እናቴ እሳት እንድጭር ጎረቤት ላከችኝ" አሉ። "ደጅ ቆሜ በቋንቋችን አንድ ቃል ተናገርሁ። ያች ቃል በአማርኛ ነውር ናት።"

"ምን ነበረች?" አለች ልጄ፤ ዓይኗ በራ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየሁትም ነበር።

"እነግርሻለሁ? እስከ ዛሬ ደግሜ ያልጠራኋትን?"

"በጆሮዬ ይንገሩኝ።"

ሹክ አሏት። ልጅቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ባለቤቴ ሰምታ "እማዬ!" አለች። እኔ አልሰማሁም፤ አማት ለአማቿ የምትናገረው ቃል አልነበረምና። እስከ ዛሬ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

"ያችን ቃል ስሜ አደረጓት። ውሃ ስወርድ ይጠሩኛል፣ እንጨት ስለቅም ይጠሩኛል። እናቴ ከቤት አትውጣ አለች፤ አባቴ የለም ትውጣ አሉ። ወጣሁ። ስሕተቱም እየበዛ፣ ቋንቋውም እየበዛ ሄደ። እናቴ ግን ትልቅ ሰው ሆና መጣች፤ ከቤትም አትወጣ። እስክታረጅ አማርኛዋ የገበያ ብቻ ነበር፤ ትገዛበታለች፣ ትሸጥበታለች። ለቅሶ ቤት ዝም ብላ ትቀመጣለች። በአማርኛ ማልቀስ አልቻለችም። እኔ በልጅነቴ ያዝሁትና አለቅስበታለሁም፣ እስቅበታለሁም።"

አካፋዬን አቆምሁ። ስዞር የሰነበትሁት ይህችን ቃል ፍለጋ ነበር።

"አሁን አንቺ ንገሪኝ" አሏት። "የእንግሊዝኛዋ ላም ምንድን ናት?"

"የበግ ግልገል።"

"ምን ብላ ትጮኻለች?"

ልጅቱ እንደ ማፈር ብላ "ባእ" አለች።

"ታዲያ እምቧ የሚሉሽ ልጆች የየትኛውን ቋንቋ ላም ነው የሚያውቁ?"

ቀና ብላ አያቷን አየች። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ሳቅ ሳቀች፤ ሩዙ ላይ ያረፈው ወፍ ሁሉ ተነሣ።

"ደግሞ ሁለት ላም አልፈልግም ብለሻል አሉ። እኔ ሦስተኛ አለችኝ" አሏትና ላምን በአገውኛ ጠሩላት። ቃሏን እዚህ ልጽፋት ሞክሬ ነበር፤ መካከሏ ላይ ያለውን ድምፅ ፊደሌ አልያዘልኝም። ልጅቱ ደጋግማ ሞከረች፤ እሳቸው በየጊዜው "የለም፣ አሁን ያልሽው ሌላ ነው" እያሉ ይስቃሉ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ሌማቱን እንደያዘች ቆማለች።

"ለእኔ አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም፣ እማዬ።"

አማቴ መሬት መሬት አዩ። "አንቺንም እምቧ እንዳይሉሽ ፈርቼ" አሉ።

 ወፉ ተመልሶ ወረደ፤ ያባረረውም የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አያትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። እኔ አልተከተልኋቸውም፤ በጤዛው ውስጥ እስኪሰወሩ አየኋቸው። የሆነውን ልጅቱ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ከሩቅ እየሮጠች ነገረችን።

"ከበሩ ስገባ እምቧ አሉኝ። ቆምሁ። ራሴን እያሳየሁ 'ዚስ ኢዝ ኤ ላም፣ ባእእእ!' አልኋቸው። 'እምቧ የምትለው የአማርኛዋ ናት። እንግሊዝኛ የማትችሉ ከሆነ ከእኛ ክፍል ምን ትሠራላችሁ?' አልኋቸው።"

"እነሱስ?"

"አንዱ 'እውነቷን ነው' አለ። መምህራችን መስኮት ላይ ሆነው ሰምተው ኖሯል፤ ሲስቁ ጠመኔያቸው ወደቀ።"

እምቧው በአንድ ቀን አልቆመም፤ አንድ ልጅ እስከ ፋሲካ ገደማ ይላት ነበር። ሌሎቹ ግን አዲስ ነገር አመጡ፤ እንግሊዝኛ ላይ የተሳሳተ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባእ ይባል ጀመር። አንድ ቀን መምህሩም ተባለ። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው "አሁን ትምህርት ቤት ሆነ" አሉ።

ሽማግሌ ሲያፈላልግ የነበረው ሰውዬም ውሎ አድሮ መጣ። "ትምህርት ላይ ናት" አልሁት። "እስከ መቼ?" አለኝ። "ገና ሁለት ላም ነው የያዘች" አልሁት። ከብት መስሎት "ጥሎሽ ላይ እንጨምራለን" ብሎኝ ሄደ።

ሻይ ቤት የነበሩትን ጎልማሶች ሳስብ፣ ማንኛቸው ልክ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሩዝ ውሃው ሳይመጣ ከተዘራ ውሃው ሲመጣ አብሮት ያድጋል፤ ውሃው ከመጣ በኋላ ቢበትኑት ይንሳፈፋል። ይህን አውቃለሁ። ግን ሩዙ ገባ ብለን ጤፋችንን የተውንበት መሬትም አለ፤ ባለቤቴ የእናቷን ቋንቋ የላትም። ጥያቄው እንዳለ ይቀመጥ። ያን ጊዜ እኔ የፈለግሁት ልጄ ከማማው እንድትወርድ ነበር፤ ወርዳለች።

ሜዳው በውሃ ሲሸፈን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ዘንግ ይዞ ከፊት ይቀድማል፤ ሌላው እሱ የረገጠውን እየረገጠ ይከተላል። በዚያ ዓመት ከፊቴ ቀድመው ያሻገሩኝ የሚስቴ እናት፣ የዚያ የአገው ምድሩ የፈረስ ነጋዴ ልጅ፣ አማቴ ናቸው።